ስለ እጅ ሥራ ትርኢትና ስለ ሠሪዎቹ ስም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በከተማችን ተከፍቶ የነበረውን የእጅ ሥራና የባህል ዕቃ ትርኢት የክፍላችን ተማሪዎች ከመምህራችን ጋር ሆነን ጐብኝተን ነበር። በዚህ በዓል ላይ ስለ እርሱ እንድንናገር ስለ ታዘዝን፣ አራት ሆነን የጻፍነውን እነሆ በአንድ ድምፅ እናሰማችኋለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደ ትርኢቱ ከመሄዳችን ከአንድ ሳምንት በፊት መምህራችን ስለ ጃፓን አገር አንድ ትምህርት ሰጥተውን ነበር። የጐንደርን እጅ ሥራ ለማየት ጃፓንን ማንሣት ምን ያስፈልጋል ያለ ከመካከላችን አልታጣም። ነገር ግን ትርኢቱን ያየንበት ዐይን ከዚያ ትምህርት የተገኘ ስለ ሆነ እኛም ከዚያው እንጀምራለን።

አባቶቻችን ስለ ጃፓን መጠየቅ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ተልከው ጃፓንን አይተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄዱ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ ከባለቤታቸው ጋር ወደ አገራችን መጡ። በዚያ ዘመን የነበረው ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ያች አገር በአጭር ጊዜ ውስጥ መርከብና መድፍ፣ ባቡርና ፋብሪካ የምትሠራ እንዴት ሆነች የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው። መምህራችን የነገሩን ግን ስለ ጃፓን መርከብ ሳይሆን ስለ ጃፓን ጣባ ነበር።

በጃፓን ፋብሪካ በበዛ ጊዜ የገጠር ሰው በእጁ የሚሠራው ዕቃ እየተናቀ ሄደ። በዚያን ጊዜ ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል የፍልስፍና ሰው ተነሣና፣ ሐማዳ ሾጂና ካዋይ ካንጂሮ ከሚባሉ ሁለት ሸክላ ሠሪ ወዳጆቹ ጋር ሆኖ በ1918 ዓ.ም. «ሚንጌ» የሚል አዲስ ቃል አወጣ፤ ትርጓሜውም የሕዝብ እጅ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየገጠሩ እየዞሩ ገበሬው የሚበላበትን ጣባ፣ የሚለብሰውን ሰማያዊ የተነከረ ጨርቅ፣ ዝናም የሚከላከልበትን የሣር ካባ ሁሉ እየሰበሰቡ፣ በ1929 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ የሕዝብ እጅ ሥራ ቤተ መዘክር ከፈቱ። ይህ ቤተ መዘክር ዛሬ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ዕቃ አለው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማሳየት ስለማይቻልም ትርኢቱን በየወቅቱ እየለወጠ ያቀርባል።

ያናጊ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ እጅግ አስደነቀን። በኪዮቶ ከተማ በአንድ ገዳም ውስጥ ኪዛኤሞን የሚባል የሻይ ጽዋ ይጠበቃል፤ ጃፓኖች ከታላላቅ ቅርሶቻቸው ቆጥረው ብሔራዊ ሀብት ብለውታል። ያናጊ ሊያየው ፈቃድ አግኝቶ ሲሄድ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ሌላ ሣጥን፣ ያም ሲከፈት ሌላ ሣጥን እየወጣ በመጨረሻ ጽዋው ብቅ አለ። ቢያየው ዱሮ የኮሪያ ድኃ በየቀኑ ይበላበት የነበረ ርካሽ ጣባ ነው። ማን እንደ ሠራው አይታወቅም። ያናጊም አልተከፋም፤ ይልቁንም ውበቱ የመጣው ከዚሁ ነው፣ ሠሪው ለመብያ እንጂ ለመመስገን ብሎ ስላልሠራው ነው አለ። ለስም የማይሠራ እጅ ንጹሕ ነው የሚለው አሳብ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት ነው።

ይህንን በልባችን ይዘን ወደ ትርኢቱ ሄድን።

የጐንደር ጥምቀት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የፋሲል ግንብ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ፣ የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ፣ ታቦታቱ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የፋሲል መዋኛ ወርደው እስኪመለሱ ድረስ እንግዳው ብዙ ነው። ያንን እንግዳ ተስፋ በማድረግ በሰሞኑ ድንኳን ተተክሎ የየወረዳው ሰው የእጁን ሥራ ያቀርባል። እኛ የገባንበት ድንኳን ረጅም ነበረ፤ በአንዱ ወገን ስፌት፣ በሌላው ወገን ሽመናና ሱፍ፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ ሸክላ ተደርድሮ ነበር።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የቆምነው ስፌቱ ዘንድ ነው። መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ በቆዳ የተለበጠ አገልግል፣ ሁሉም ነበረ። ስፌት በየቤታችን ስላለ የምናውቀው ይመስለናል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከወንዶቹ አንዳችን እንኳ አናውቅም ነበር፤ ሴቶቹም ሳቁብን። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ ከመስኩ ይለቀማል። ስንደዶው በውስጥ እንደ አጥንት ይሆናል፤ አክርማው በልዩ ልዩ ቀለም ተነክሮ አለላ ከሆነ በኋላ በላዩ ይጠቀለላል። መሣሪያው አንዲት ወስፌ ብቻ ናት። ሥዕል ተነድፎ አይቀርብም፤ መስመሩ፣ ድርድሩ፣ መስቀሉ ሁሉ ሰፊዋ በራሷ ቈጥራ የምታወጣው ነው። ከዙር ወደ ዙር የመሶቡ ወርድ እየሰፋ ሲሄድ የአለላው ቍጥር አብሮ መጨመር አለበት፤ ያለዚያ ሐረጉ ይጣመማል። የሒሳብ መምህራችን አብረውን ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር። አንድ እናት አንዱን ትልቅ መሶብ ለመጨረስ ከመስከረም እስከ ፋሲካ እንደ ፈጀባቸው ነገሩን። «ሌላ ሥራ አልነበረዎትም?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ይህማ የዕረፍቴ ሥራ ነው» አሉን።

የሽመናውን ቶሎ እናልፈዋለን፤ ጋቢውን፣ ኩታውን፣ ባለ ጥበብ ቀሚሱን ሁላችሁም ለብሳችሁ ስለ መጣችሁ ምስክር አያስፈልገውም። ሸማኔው እግሩን ጕድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር በሕፃናት ተከብቦ ነበር። ከደጋው የመጣው ሱፍ ግን ለከተማ ልጆች አዲስ ነገር ነው። ከደባርቅና ከዳባት በኩል ባናና በርኖስ መጥቶ ነበር፤ ብርዱን የሚያውቅ ሰው የተሠራው መሆኑ በእጅ ሲነካ ይታወቃል። ከበርኖሱ አጠገብ አንድ ገሳ ተሰቅሎ ነበር። የዳባት ልጅ የሆነው ጓደኛችን በዝናም ከብት ሲጠብቅ ይለብሰው የነበረውን ነገር እንደ ብርቅ ዕቃ ተሰቅሎ ሲያየው ሳቁን መቻል አቃተው። እኛ ደግሞ የጃፓንን የሣር ካባ አስታወስን። የቶኪዮው ቤተ መዘክር ያንን ካባ እንደ ጌጥ የሚያከብረው ከሆነ፣ የስሜን እረኛ ገሳ የማይከበርበት ምክንያት የለም ተባባልን።

በአንድ ጥግ አንድ መሪጌታ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ብራና ይፍቁ ነበር። ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ጠጕሩ ተነሥቶ፣ ተፍቆና ተሞርዶ መቃ ብዕር የሚንሸራተትበት እስኪሆን ድረስ የሚጠይቀውን ድካም አስረዱን። ያለቀ መጽሐፍም አሳዩን፤ በመጨረሻው ገጽ የጸሐፊው ስምና ያጻፈው ሰው ስም፣ አንባቢውም እንዲጸልይላቸው የሚለምን ቃል ተጽፎበታል። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንዲቱ ልጅ፣ «ብራናውን የፋቀው ሌላ ሰው ሲሆንስ ስሙ የት ይጻፋል?» ብላ ጠየቀች። መሪጌታው ፈገግ ብለው፣ «እርሱማ ቆዳው ላይ ነው ያለ» አሉ።

ይህች ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከእኛ አልተለየችም። ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር እንደ ገና ዞርነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች ከሥራቸው የሠዓሊው ስም ተጽፏል። መሶቦቹም ከስማቸው ባይሆን ከሰፊዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ሸክላው ግን ጀበናውም፣ ድስቱም፣ ምጣዱም፣ እንስራውም በአንድ ነጋዴ ፊት ተከምሮ፣ በላዩ «የሸክላ ውጤቶች» የሚል አንድ ወረቀት ብቻ ተለጥፏል። ከድንኳኑ ሁሉ ሠሪው ያልመጣበት ጠረጴዛ እርሱ ብቻ ነበር። ነጋዴውን ማን እንደ ሠራው ብንጠይቀው፣ «የወለቃ ነው» አለን፤ የማን ነው ብንለው ግን ትከሻውን ነቀነቀ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ወለቃ ሄድን።

ወለቃ ከከተማችን በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር እንደ ሆነች ታውቃላችሁ። ብዙ ዘመን የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። ሴቶቻቸው በሸክላ፣ ወንዶቻቸው በብረትና በሽመና የታወቁ ነበሩ፤ በጐንደር ነገሥታት ዘመንም በግንበኝነትና በአናጢነት እንዳገለገሉ በታሪክ ተጽፏል። እንግዲህ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቈረቈሩ ወዲህ ከተነሡት ግንቦች ላይ የእነርሱም እጅ አለበት ማለት ነው። ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በዚያ በግንቦቱ ጉዞ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጓዙ። ዛሬ በወለቃ ሸክላ የሚሠሩት ሙያውን ይዘው የቀሩት የአካባቢው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ምስል፣ አንበሳውና ባለ ስድስት ማዕዘኑ ኮከብ አሁንም በመንገዱ ዳር ለጐብኚ ይሸጣሉ።

ሸክላ ሲሠራ ያየነው በአንድ እናት ግቢ ነው። አፈሩ ተቈፍሮ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ይቦካል፤ እንዳይሰነጠቅም የተሰበረ ዕቃ ገል ተፈጭቶ ይቀላቀልበታል። የአሮጌው ድስት ዱቄት ለአዲሱ ድስት ብርታት ይሆነዋል ማለት ነው። መንኰራኵር የላቸውም፤ ጭቃውን በእጃቸው እያዞሩ ያነሡታል፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፣ በጥላ ያደርቁታል። ከዚያ በኋላ በኩበትና በጭራሮ እሳት ሜዳ ላይ ይተኰሳል። ነፋስ ድንገት ቢነሣ ወይም ዝናም ቢያካፋ የሳምንት ድካም በአንድ ሰዓት ገል ሆኖ ይቀራል። እኛ በቆምንበት ጊዜ እንኳ አንዲት ጀበና ከእሳቱ ውስጥ ጧ ብላ ተሰነጠቀች። እኒያ እናት ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ «አንዷ ሄደች» ብቻ አሉ።

ስለ ስሙ ነገር የጠየቅናቸው በዚያን ጊዜ ነው። ለትምህርት ቤታችን በዓል ትንሽ ትርኢት ልናደርግ ስለ አሰብን፣ ጀበና ሸጠውልን በካርድ ላይ የእርስዎን ስም እንጻፍበት? አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጀበናውን ውሰዱ፣ ስሙን ተዉት» አሉን። ለምን ብንላቸው፣ «እኔም እንደ እናንተ ያለች ልጅ አለችኝ፤ ከተማ ትማራለች። እናቷ ምን እንደምትሠራ ለጓደኞቿ አልነገረችም» አሉ። የት ትምህርት ቤት እንደምትማር አልጠየቅናቸውም። እኒያ እናት ቀጥለው፣ «ስማችንማ ድሮም ይጠራ ነበር፤ ያስቸገረን አጠራሩ ነው» አሉን።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን፤ በበዓል ቀን የማይነሣ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታዝኑብን።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራው ቍጢት በጣሽ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ጠይብ በዐይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሏል። ሕፃን ሲታመም፣ ላም ወተቷ ሲነጥፍ ጣት የሚቀሰረው ወደ እርሱ ነበር። ልጁን ለእርሱ የሚድር፣ ከእርሱም አብሮ የሚበላ አልነበረም። ነገር ግን ያው ሰው የሠራውን ማረሻ ሳይዝ ያረሰ፣ ያችው ሴት በሠራችው ምጣድ ሳይጋገር የበላ በደጋም በቆላም አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት ምን ያህል እንደ ደከሙ በክፍል ተምረናል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የወለቃዋ ልጅ ግን እስከ ዛሬ የእናቷን ሥራ ትደብቃለች።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓንን ስናመሰግን ስለ ቆየን እውነቱን መደበቅ አይገባንም። በጃፓንም ቆዳ የሚያለፉና ከብት የሚያርዱ ሰዎች ርኩሳን ናቸው ተብለው በተለየ መንደር ይኖሩ ነበር። መንግሥቱ በ1863 ዓ.ም. ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል ናቸው ብሎ ዐወጀ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ አልጠፋም። ስለዚህ እነርሱው ራሳቸው በ1914 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ሱይሄይሻ የተባለ ማኅበር አቁመው ስለ ክብራቸው ተከራከሩ። ሸክላ ሠሪውን በሚያከብረው አገር ቆዳ ሠሪው እንዲህ ነበረ። የጣባው ፍቅር ወደ ሌላው ሥራ ሁሉ በራሱ አይሻገርም ማለት ነው።

እንግዲህ ከያናጊ ጋር የማንስማማበት ቦታ ይህ ነው። ሠሪው ስሙን አለመጻፉ ለዕቃው ውበት ነው ይላል። ሐማዳ ሾጂም በዚህ አሳብ ጸንቶ በሸክላው ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር፤ ሆኖም መንግሥቱ በ1947 ዓ.ም. የሙያው ሕያው ቅርስ ብሎ ሰየመው። ካዋይ ካንጂሮ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማዕረግ ሲሰጡት አልቀበልም አለ። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ስሙን ሁሉ የሚያውቅለት ሰው ስሙን ቢተወው ትሕትና ይባልለታል፤ ሐማዳ ስሙን የተወው በክብር ላይ ቆሞ ነው። የወለቃዋ እናት ግን የምትተወው ስም ገና አልተሰጣትም። ስም የለሽ አይደለችም፤ ክፉ ስም ወጥቶላት በዚያው ስትጠራ የኖረች ናት። ስለዚህ በእኛ አገር ዕቃውን ብቻ አድንቆ ሠሪውን ሳይጠሩ ማለፍ፣ ዱሮም ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው እንጂ አዲስ ጥበብ አይሆንልንም።

ከመካከላችን በዚህ ያልተስማማ አለ። የጓደኛችንን አሳብም እንናገራለን፤ ስም መጻፍ ሠሪውን ለገበያ ያጋልጠዋል፣ አንዷ ስትታወቅ ጎረቤቷ ትቀራለች፣ መንደሩ በሙሉ ቢጠራ ይሻላል ይላል። በዚህ ላይ ለሁለት ቀን ተከራክረን አልጨረስነውም።

ወደ ትርኢቱ እንመለስና፣ ከድንኳኑ ውጭ አዝማሪዎች በማሲንቋ ይዘፍኑ ነበር። ማሲንቋን የምትመስል ታሪክ የላቸውም? የፈረስ ጭራና የቆዳ ነገር ናት፤ ሰው ሁሉ ይጨፍርባታል፣ ሸልሞም ይስቅባታል፣ አዝማሪ ነህ መባልን ግን እንደ ስድብ ይቈጥራል። ከአዝማሪው ይልቅ የላሊበላዎቹ ነገር ይብሳል። ላሊበላ ወይም አሚና የሚባሉት ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ናቸው፤ ማዜሙን የተወ ቍምጥና ይይዘዋል ስለሚባል በጨለማ የሚነሡት ለዚህ ነው ይባላል። ከሁሉ የሚያስገርመው የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው፣ በዜማቸው ውስጥ አስገብተው እርሱንና ቤቱን መጥራታቸው ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ ስም ያውቃሉ፤ የእነርሱን ስም ግን የጠየቃቸው ማን ነው?

አንድ ሰው ጠይቋቸዋል፤ እርሱም ጃፓናዊ ነው። በኦሳካ አውራጃ ያለው የሕዝቦች ባህል ብሔራዊ ቤተ መዘክር በ1970 ዓ.ም. የተከፈተ ትልቅ ተቋም ነው። በዚያ የሚሠሩት ኢትሱሺ ካዋሴ የተባሉ ተመራማሪ በ1990ዎቹ ወደ ጐንደር መጥተው፣ አማርኛችንን ተምረው፣ ከአዝማሪዎችና ከላሊበላዎች ጋር ብዙ ጊዜ ቆይተዋል። በ1997 ዓ.ም. ስለ ላሊበላዎች፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በጐንደር መንገዶች ላይ ስለሚዘፍኑ የአዝማሪ ልጆች ፊልም ሠሩ። እኛ በመኝታችን ውስጥ ሆነን ጧት የምንሰማውን ድምፅ እርሳቸው ከሩቅ አገር መጥተው ተከትለውታል። የጃፓን ሰው ቀደመን ብለን አናፍርም፤ እንዲያውም በሩን ከፍተን ብንወጣ ያው ድምፅ አሁንም ከመንገዱ አልራቀም።

በአገራችን ይህንን ሥራ የጀመረ የለም ለማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ዱሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክሩ የየብሔረሰቡን የእጅ ሥራ ያሳያል። ከተማችን ግን እኒህን ዕቃዎች በየወቅቱ የምታሳይበት ቋሚ ቤት ቢኖራት፣ ድንኳኑ በጥር ሲነቀል ሠሪው አብሮ አይነቀልም ነበር።

ስለ ዕቃዎቹ ዕድሜ አንድ ነገር ጨምረን እንጨርሳለን። እንስራን ጀሪካን አሸንፎታል፤ ወገቧ ለታመመ እናት ጀሪካኑ ቀሎ ከተገኘ የሚከፋ የለም፣ እኛም አንከፋም። በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ ጨርቅ የጥበብ ቀሚስ መስሎ በርካሽ ይሸጣል፤ ይህ ግን ሸማኔውን ያለ እህል ያስቀረዋል፤ የሚገዛውም ሰው ጥበብ የገዛ ይመስለዋል። ምጣዱን ተመልከቱት። በየቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል፤ ሽቦው፣ ብረቱ፣ ገመዱ ሁሉ የፋብሪካ ነው፣ እንጀራው የሚያርፍበት ላዩ ግን አሁንም ሸክላ ነው። መብራቱ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያንን ክብ ሸክላ ያለሰለሰው እጅ የማን እንደ ሆነ ግን በቤታችሁ ጠይቁና የሚያውቅ ካገኛችሁ ንገሩን።

ከዚህ ንግግር በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ብትገቡ በበሩ በስተ ቀኝ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ 23 ዕቃዎች ታያላችሁ። በየአንዳንዱ ፊት ካርድ አለ፤ የሠሪው ስም፣ መንደሩና ሥራው የፈጀው ቀን ተጽፎበታል። ስማቸው የተጻፈው ሰዎች ሁሉ አስቀድመን ጠይቀናቸው ፈቅደዋል፤ ከእነርሱም አራቱ ዛሬ እዚህ በመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ካርዶች ግን ባዶ ናቸው። ረስተናቸው አይደለም፤ ባለቤቶቻቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን ነው። ከሁለቱ አንዱ በጥቁሯ ጀበና ፊት ያለው ነው። ጀበናዋን መግዛት የሚፈልግ ቢኖር ዋጋው በሙሉ ለሠሪዋ የሚደርስ ሲሆን፣ ገና ያልተሟሸች ስለ ሆነች ቡና ከመፍላቱ በፊት በቤት በደንብ እንድትሟሽ እናሳስባለን።